ሙህዲን በጠዋት የሚሄድበት

ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠው ሙህዲን ሱብሂ ሰግዶ በቀጥታ ወደ ቤቱ መመለስ ከተወ ወር አለፈው። ሚስቱ ፈትያ «ሁለተኛ ሊያገባብኝ ነው» ብላ ሆዷ አረረ። ምን ታድርግ! አንድ ቀን ተከናንባ ተከተለችው።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ስትደርስ፣ ያ ሸሚዙ እንኳን እንዲጨማደድ የማይወድ ሰውዬ ጭቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ ካሜራ ወደ ሐይቁ ደግኗል። ዙሪያውን ብታይ ሴት የሚባል የለም።

«አንተ ሰውዬ! አበድክ?»

«ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ሱቅ እስኪከፈት ብጠብቅ ጉሙ የለማ!» ብሎ ካሜራውን ሰጣት።

አንድ በአንድ አየችው። ጉም፣ ውሃ፣ ተራራ፣ ደግሞ ጉም። ቅናቷ መች በረደላት!

«ከዚህ ሁሉ ፎቶ እኔ አንዱ ላይ እንኳን የለሁም?»

«እሺ፣ እዚያ ጋ ቁሚ።»

ተሽቀርቅራ ቆመች። «ትንሽ ወደ ግራ… አሁንም ትንሽ…» እያለ ገፋት፤ ከዚያ አነሳ። ሮጣ ብታየው ተራራው አለ፣ ጉሙ አለ፣ የሷ ክርን ብቻ ዳር ላይ ብቅ ብሏል።

«አላህ ይይልህ!» አለችና ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አብራው ትሄዳለች። ሐይቅ ዳር ሴት አይጠፋም ብላ ነዋ!