ተውሳ ያመጣችው ሽንት

ማክሰኞ ጠዋት ነው... ደርግ ጊዜ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዲስ የተመደብኩ ነርስ ነበርኩ። ማክሰኞ ደግሞ የነፍሰ ጡሮች ክትትል ቀን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የስፒሪት መብራት አለች፤ በእሷ ላይ የእያንዳንዷን እናት ሽንት በቱቦ አፈላለሁ። ጥርት እንዳለ ከቀረ ደህና ነው። ከረጋ ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ሽንቱን ሴቶቹ ከቤታቸው በጠርሙስ ነበር የሚያመጡት። ምን ያድርጉ? የጣቢያችንን ሽንት ቤት በር ቀበሌው ነቅሎ ለስብሰባ አዳራሹ ወስዶታል። እኔም አንድም ቀን «ለምን ከቤት ይመጣል?» ብዬ አልጠየቅኩም። የመጣውን አፈላለሁ፣ ካርዱ ላይ «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀጣይ!

የዚያን ቀን ዘነበች ገባች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ ከላይ ከእንጦጦ ሥር ካለው መንደር ቁልቁል የምትመጣ ሳቂታ ሴት ናት። ግፊቷን ለካሁ፣ ደህና። እግሯን ጫን ጫን አደረግኩ፣ እብጠት የለም። ሽንቱን ሳፈላው ግን... እንደ እንቁላል ነጭ ድርቅ አለ!

ነፍሰ ጡር ሽንቷ እንዲህ ከረጋ፣ ግፊቷ አሻቅቦ በድንገት ሊያንዘፈዝፋት ይችላል፤ እሷንም ልጇንም ይዞ ይሄዳል። ግፊቷን ደግሜ ለካሁ። አሁንም ደህና! መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የራሴን ለካሁ። የኔ ይብሳል።

«ዘነበች፣ ራስሽን ያምሻል?»

«ኧረ ምንም! ድንጋይ ቢሰጡኝ እቆረጥማለሁ።»

«ዓይንሽንስ ብዥ ይልሻል?»

«ኧረ ሲስተር፣ ዛሬ ምን ሆነዋል?»

ዓይን ዓይኗን ሳያት መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

«ይሄ ሽንት ያንቺ ነው?»

«አይ... የኔስ አይደለም። የኔን ጠርሙስ ልጄ ደፋብኝ። ባዶ እጄን ብመጣ ይቆጡኛል ብዬ ከጎረቤቴ ከዘሃራ ተዋስኩ።»

ሽንት ተዋሰች! እንደ ወንፊት! ልጮህባት አፌን ስከፍት ቀጠለች...

«እሷም እኮ የስምንት ወር እርጉዝ ናት! ካላረገዘች ሴት ብወስድማ ያውቁብኛል ብዬ፣ ሦስት ቤት አልፌ ነው እሷ ጋ የሄድኩት።»

ጩኸቱን ትቼ ካርዶቹን አገላበጥኩ። ይህች ዘሃራ ማን ናት? ካርድ የላትም፣ ክትትል የላትም፣ ስሟንም ሰምቼ አላውቅም።

«ያማታል?»

«ሰሞኑን ራሴን ራሴን እያለች በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች። ብርድ ነው ትላለች።»

መለኪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ። ነፍሰ ጡሯ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ዳገቱን ወጣነው።

ዘሃራን ደጃፏ ላይ ልብስ እያጠበች አገኘናት። ፊቷ አብጧል፣ እግሯ ጫማ አልገባ ብሎት በባዶ እግሯ ናት። ክንዷ ላይ አስሬ ስለካ ሜርኩሪው ሽቅብ ወጥቶ አልወርድ አለ።

«ሆስፒታል እንሂድ። አሁኑኑ!»

«ኧረ ሲስተር፣ አራቱንም እዚሁ ቤቴ ነው የወለድኩት። ደግሞስ ይሄን ሁሉ ልብስ ነክሬ?»

«ልብሱን እኔ አጥባለሁ» አለች ዘነበች እጅጌዋን እየሰበሰበች። «አንቺ ብቻ ሂጂ።»

ደግነቱ የዘሃራ ባል ከድር የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሰይቼንቶ ታክሲው ከመንደሩ በታች መንገድ ዳር ቆማለች። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት በዚያ ጊዜ ጠብታ ነው የቀራት። ከድር ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልቁለቱን ለቀቃት!

«አስነሳው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞዎት ሲስተር፣ ቤንዚኑ ለቀበና ዳገት ይቆጠብ» አለኝ ፍሬኑን እየረገጠ። ዘሃራ ከኋላ «ያ አላህ» ትላለች፣ እኔ ማርያም ማርያም እላለሁ።

ደረስን። ሐኪሙ ለክቶ ደነገጠና «ማን ነው ያገኛት?» አለኝ። እውነቱን ምን ብዬ ልንገረው? «ጎረቤቷ» አልኩ።

በማግስቱ ምጡን በመድኃኒት አምጥተውላት ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ ትንሽዬ ናት፤ ጩኸቷ ግን! እናትም ልጅም ደህና መሆናቸውን ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በጋውኔ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። እንዲያ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

እፎይ ካልኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣ... የማን እንደሆነ በማላውቀው ሽንት «ደህና» ብዬ የጻፍኩት ለስንቷ ነው? በሚቀጥለው ማክሰኞ የራሴን አንሶላ ይዤ ሄጄ ሽንት ቤቱ ላይ በበር ፋንታ ሰቀልኩ። ጠርሙስ ይዞ መግባት ተከለከለ። ካርድ ያላቸውን ሁሉ እንደ አዲስ መረመርኩ።

ዘነበችም ተራዋ ደርሶ የራሷን ሰጠችኝ። አፈላሁት፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ። ይሄኔ ሳምንት ሙሉ የቋጠርኩትን ቁጣ ልለቅባት ጣቴን ቀሰርኩ።

«ስሚ ዘነበች! ሁለተኛ እንዲህ ብታታልይኝ...»

እሷ እቴ! ሆዷን ይዛ እየሳቀች...

«ሲስተር፣ እንኳንም ያን ቀን የራሴን አላመጣሁ!»

ጣቴን አወረድኩና ካርዷ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ፤ ዛሬስ በራሷ ሽንት።