በሽተኛ የሌለው አስታማሚ

ለባቡር ሥራ ፈተና ያጠናሁት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። የት አጠናህ ሲሉኝ "ቤቴ" እላለሁ።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ሥራ አጥቼ፣ ከዊንጌት ከፍ ብላ ባለችው የአባቴ የቀበሌ ቤት ብቻዬን እኖር ነበር። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች። አባቴ ደግሞ የሞተው የመጨረሻውን ዓመት ፈተና ልጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ነው። እኔ ግን አልሰማሁም። ታሞ ሆስፒታል መግባቱን፣ መሞቱን፣ መቀበሩን ማንም አልነገረኝም። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጠው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ "ልጁ ፈተናውን ይጨርስ" ብላ ዘመዱንና ጎረቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝታ ነበር። አባቴ ስልክ ስላልነበረው የምደውለው በእሷ ስልክ ነበር። አንድ ቀን "ተኝቷል"፣ ሌላ ቀን "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል" ትለኛለች። እኔም "ሲመጣ ንገሪው" እላለሁ።

ፈተናዬን ጨርሼ ሻንጣዬን ይዤ ስገባ ድንኳኑ ከተነሳ ሰንብቷል። ሊያረዱኝ ተሰብስበው ይጠብቁኝ ነበር። አክስቴን በጥቁር ልብስ ሳያት ማንም ሳይናገር ገባኝ።

"ፈተናህን እንዳይረብሽህ ብዬ ነው" አለችኝ በኋላ፣ ለቅሶው በረድ ሲል።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ አልሄድኩም። መጀመሪያ ስትደውል በአጭሩ እመልስ ነበር። ቆይቶ ማንሳቱንም ተውኩት።

የባቡር ሥራውን ማስታወቂያ ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። የምልክትና የኤሌክትሪክ ጥገና ሰልጣኞች ይፈለጋሉ፣ ልምድ አያስፈልግም፣ የጽሑፍ ፈተና አለ ይላል። እኛ ሰፈር ሐዲድ አይደርስም። ባቡር ላይ የተሳፈርኩት መሀል ከተማ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ቆሜ። ቢሆንም "ልምድ አያስፈልግም" የሚለውን ቃል ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ተመዘገብኩ። ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ፊደሉ የደበዘዘ የመለማመጃ ጥያቄ አስጠረዝኩ።

ቤት ውስጥ ማጥናት አልሆነልኝም። ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት የብረት በር ይሠራል። ጠዋት ብረት መቁረጥ ከጀመረ እስከ ማታ ጥርስ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነው። ላይብረሪ ሞከርኩ፣ ለማትሪክ የሚዘጋጁ ተማሪዎች ወንበሩን ቀድመው ይይዙታል። ደግሞ እነሱ በቡድን እየተሳሳቁ ሲያጠኑ እኔ በዚያ ዕድሜዬ መሀላቸው መቀመጡ አሳፈረኝ።

አንድ ቀን የጥርስ ሕመም ማስታገሻ ልገዛ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ። የጠያቂ ሰዓት ነበር። የሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎች ምሳ ዕቃ ይዘው ተሰልፈዋል። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ አንዱ ይተክዛል፣ ሌላው ያንቀላፋል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በማግስቱ ፓስታ ቀቅዬ ምሳ ዕቃ ውስጥ አደረግኩና ሰልፉ ውስጥ ገባሁ።

ጥበቃው ቦርሳዬን እየዳበሰ "ለማን ነው?" አለኝ።

"ለአባቴ።"

"ግባ።"

እንዲህ ነው የጀመርኩት። ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እስከ ሰባት ሰዓት አነባለሁ፣ ፓስታዬን እበላለሁ፣ ጠያቂው ሲወጣ አብሬ እወጣለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። ከቧንቧው የባለቤታቸውን ልብስ አጥበው፣ አጥሩ ላይ አስጥተው፣ እስኪደርቅ የሚጠብቁ ነበሩ። ከሰላሌ በኩል ነው የመጡት። ባለቤታቸው አንጀታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ተኝተዋል። ልጃቸው አድርሷቸው እህል ሊሰበስብ ተመልሷል። በስልክ ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ ፈጠን ብለው ያወሩና ወደ እኔ ሲዞሩ አማርኛቸው ረጋ ይላል።

"ማን ነው የተኛብህ ልጄ?" አሉኝ።

ለጥበቃው ያልኩትን ደገምኩ። "አባቴ።"

"ምኑን?"

"ጉበቱን።" አባቴ የሞተበት በሽታ ነው። ስሙን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

"አይዞህ። ማሪያም ትማርልህ።" ከላስቲክ ከረጢት ቆሎ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ላይ ቦታ ይይዙልኝ ነበር። እኔ ባነብ አይረብሹኝም። አንዳንዴ ብቻ ወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን ይጥላሉ። አንድ ቀን ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

"ሁለት ባቡሮች ከሁለት ጣቢያ ፊት ለፊት ይነሳሉ፤ የት ላይ እንደሚገናኙ አስላ ይላል።"

"አይጋጩም?"

"የለም እማማ፣ በየሐዲዳቸው ናቸው።"

ትንሽ አሰቡበት። "እንግዲያ ተላለፉ በለኝ እንጂ ተገናኙ አትበለኝ" አሉ።

ሳቅኩ። ከሰው ጋር ከሳቅኩ በጣም ቆይቼ ነበር።

በየቀኑ ቀድመው የሚጠይቁኝ አባቴን ነው። "እንዴት አደረ?" ይሉኛል። መጀመሪያ "ደህና ነው" ብቻ እላቸው ነበር። ግን የሚጠይቅ ሰው ሲኖር መልስ ማሳመር ያምራል። "ዛሬ ሾርባ ጠጣ" አልኩ። ሌላ ቀን "ቀና ብሎ ተቀመጠ" አልኩ። "ፂሙን ላጨሁት" ያልኩበት ቀንም አለ። ጠዋት ከቤት ስወጣ መንገድ ላይ የዚያን ቀኑን አዘጋጃለሁ። አባቴ በእኔ አፍ እየዳነ ሄደ። ውሸት መሆኑ ሳይጠፋኝ፣ የምነግራቸው ነገር ሁሉ በታመመ ጊዜ ላደርግለት ይገባኝ የነበረ ነገር ስለሆነ፣ ለማቆም አልቻልኩም።

አንድ ቅዳሜ "የክርስትና ስሙ ማን ነው?" አሉኝ። "ነገ ቅዳሴ እሄዳለሁ። የባለቤቴን ሳስጠራ አብሬ አስጠራለታለሁ።"

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ስሙን ነገርኳቸው። እሱ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ጓዛቸውን በነጠላ ቋጥረው መጡ። ባለቤታቸው ዱላ ተደግፈው በዝግታ ይከተሏቸዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በእጃቸው ሰላም ብለውኝ ከወዲያኛው ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ አሉ።

"ወጣልን" አሉ ሴትዮዋ። ፊታቸው በርቷል። "አባትህን ሳልጠይቅ ግን አልሄድም። ክፍሉ በየት በኩል ነው?"

ተነሳሁ። የምሄድበት ግን አልነበረኝም።

"እማማ፣ አባቴ የለም።"

"ውይ በሞትኩት። መቼ?" እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሊያለቅሱ ነው። "ሌሊት ነው?"

"አሁን አይደለም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።"

እጃቸው ራሳቸው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ቆሜ መሬት መሬት አየሁ።

"በሕያዋን ነው ያስጠራሁት" አሉ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ።"

"ነፍስ ይማር መባል የሚገባውን ሰው፣ ከሕመሙ ፈውሰው እያልኩ።"

"አውቃለሁ እማማ።"

"ያኔ ስታስታምመው ሳታደርግለት የቀረህ ነገር አለ?"

"አላስታመምኩትም። ፈተና ላይ ነበርኩ።"

ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩትን ጥራዝ አዩት። "በዚህ?"

"በሌላ። አልነገሩኝም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። መቆጣታቸውን ማዘናቸውን መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም ይመስለኛል። ወዲያው ቋጠሯቸውን አንስተው ለባለቤታቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰውየው ወደ እኔ ተመለከቱ፣ ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"መኪና ከመያዛችን በፊት ቤተ ክርስቲያን እንደርሳለን" አሉኝ ሴትዮዋ። "ስሙን አስተካክዬ ነው የምሄደው።"

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ልከተላቸው ፈልጌ ነበር፣ ግን በሩ ላይ ቀረሁ። በዚያ ሕመምተኛ እርምጃ መንገዱን ሲሻገሩ፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው ባለቤታቸውን ይዘው በሌላው ታክሲዎቹን ሲያስቆሙ አየኋቸው። ስልክ አልተቀባበልንም።

ወደዚያ ግቢ አልተመለስኩም። የቀረኝን ሳምንት ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ቤቴ አጠናሁ።

ፈተናው የተሰጠው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከሩቅ ከተማ አድረው የመጡ፣ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው የተመረቁ ሰዎች ነበሩ። ስልካችንን ሰብስበው አስገቡን። ጥያቄው ከፈራሁት አልከበደም። ቀድሜ ጨረስኩና ስወጣ በሩ ላይ ወላጆች ቆመዋል። አንድ አባት፣ ሸበቶ፣ ኮታቸውን የቆለፉ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "እንዴት ነበር ልጄ?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው፣ አይከብድም።"

"ተመስገን" አሉ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግረው ልጃቸውን መጠባበቅ ጀመሩ። እኔ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

አለፍኩ። ስሜን ዝርዝሩ ላይ ያየሁት የካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ስልኬን ይዤ ለማን እንደምደውል አሰብኩ። አስተናጋጇ መጥታ "ምን ይምጣልህ?" ስትለኝ "ፈተና አለፍኩ" አልኳት። "እንኳን ደስ ያለህ" ብላ ጠረጴዛውን ጠረገች። ማኪያቶ አዘዝኩ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ "ሥራው ከከተማ ርቆ ነው፣ ብዙ ጊዜ ብቻህን ትሆናለህ፣ ትችላለህ?" አለችኝ። ጥያቄዋን ሳትጨርስ "እችላለሁ" አልኩ። ቀና ብላ ትንሽ አየችኝና ጻፈች።

ሲቀጥሩኝ ቅጽ ሰጡኝ። ሞልቼ መለስኩ። የሰው ኃይል ሠራተኛው አገላብጦ አየውና ጣቱን አንድ ክፍት ቦታ ላይ አደረገ።

"ይሄን አልሞላህም። በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው።"

"ግዴታ ነው?"

"ሐዲድ ላይ ነው የምትሠራው ወንድሜ። ግዴታ ነው።"

እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ከኋላዬ ወረፋ አለ። በቃሌ የማውቀው ስልክ አንድ ብቻ ነው። ያኔ አባቴን ፍለጋ በየቀኑ እደውልበት የነበረው። የአክስቴን ስም ጻፍኩ።

ማታውን ደወልኩላት። ቶሎ አነሳች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ታመምክ?"

"አልታመምኩም። ሥራ አገኘሁ፣ ባቡር መሥሪያ ቤት። ስልክሽን ሰጥቻቸዋለሁ፣ ድንገት ቢደውሉልሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።"

"እኔ ጋ ለምን ይደውላሉ?"

"አንድ ነገር ከሆንኩ።"

"እሁድ ቤት ነህ?" አለችኝ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጣች። ከስታለች። አባቴ ይቀመጥባት የነበረች ዱካ ላይ ሳትቀመጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ሥራው ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ጎረቤቱ እሁድ ስለሆነ ብረቱን አያስጮህም።

"ንገሪኝ" አልኳት። "ከታመመበት ቀን ጀምረሽ።"

ነገረችኝ። በየትኛው ቀን ምግብ እንደጠላው፣ ማን ተሸክሞት እንደወጣ፣ ማን እንዳደረለት፣ ውኃ በማንኪያ እንዴት እንደሰጠችው። ምንም አልዘለለችም። አንዳንዱ ለሴትዮዋ ከፈጠርኩት ይቀራረባል፣ አብዛኛው ግን አይመሳሰልም። ፂሙን የላጨው የለም።

"ስለ እኔ ምን አለ?"

ነጠላዋን አስተካከለች። ልትዋሽልኝ የፈለገች መሰለኝ፣ ግን ተወችው።

"ስለ አንተ ምንም አላለም። በመጨረሻው ቀን ያወራው ስለ ጣሪያው ነው። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ይመታ፣ አልጋው ላይ ያፈሳል አለ።"

ሁለታችንም ቀና አልን። ቆርቆሮው ዝጓል።

"አሁንም ያፈሳል?" አለች።

"አልጋውን አዞርኩት።"

ሳይመሽ ታክሲ ላስይዛት ወጣሁ። ስንለያይ አንድ ነገር ለመንኳት። ማንም ይሁን ማን፣ ፈተና ላይ ልሁን ሐዲድ ላይ፣ ቢታመም ወይም ቢሞት የዚያኑ ቀን እንድትነግረኝ ቃል አስገባኋት። "እሺ" አለች ዓይኔን ሳታይ፣ ታክሲው ውስጥ ገባች።

ሰኞ ሥልጠና ጀመርኩ። አሁን ከከተማ ርቄ የምልክት መብራቶችና ሽቦዎች እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው የማላገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። አክስቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። የምናወራው ብዙ የለንም። የእኔን ደህንነት ከጠየቀች በኋላ በሰፈሩ የታመመውን፣ የሞተውን፣ የማላውቀውን ሰው ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ትነግረኛለች። እኔም ሳላቋርጣት እሰማለሁ።