ለስብራት የሚበላው እንሰት

ባለፈው ዓመት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ለእርከን ሥራ ወጥተን ዳገቱ ላይ አዳለጠኝና ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። ወጌሻው ስብራቱን ገጥሞ በቀርከሃ አሰረልኝ። ለማትሪክ የቀረው ጥቂት ወራት ነበር፤ በግራ እጄ ደግሞ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም።

«አሁን እንሰቱን ፈልጊላት» አላት ወጌሻው ለእናቴ።

ከዶዮገና ወረድ ብሎ ባለው አገራችን እንሰት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ለቆጮ ይሻላል፣ ሌላው ለቃጫ። ግንዱ ቀላ የሚለው ዓይነት ግን ለአጥንት ተብሎ ይጠበቃል። ከሥሩ ያለው አሚቾ ተቀቅሎ ከወተት ጋር ይበላል። የተሰበረው ሰው ብቻውን ይጨርሰዋል እንጂ ጤነኛ አይቀምሰውም። አይሸጥም፤ የቸገረው ለምኖ ይወስዳል።

በመንደር ምሥረታው ከየጓሯችን ተነሥተን ወደ አዲሱ መንደር ስንሰበሰብ ግን ብዙው እንሰት በየአሮጌው ጓሮ ቀርቷል። ያ ዓይነት የነበራት አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ናት። ከድሮ ጓሮዋ አንዷን ተክል በጀርባዋ አዝላ አምጥታ ነበር። እናቴ ስትለምናት ሳታቅማማ ነቀለችልን።

እንሰት የሚራባው ከአሚቾው ነው። እሱን ከበላሁት ዘሩ አለቀ ማለት ነው።

«ግማሹን እንቅበረው» አልኩ።

እናቴ ተቆጣች። «መድኃኒት ይቆረሳል እንዴ? ክንድሽ ጠሞ ቢቀርስ?»

ጎረቤታችን ሳቀች። «እህቴ፣ ልጅሽ ግማሽ ማትሪክ ልታልፍ ነው መሰለኝ! ብይው ልጄ፤ ለእኔ ለአሮጊቷ ምን ያደርግልኛል?»

«ነገ የሌላ ሰው እግር ቢሰበርስ፣ እትዬ?»

ሳቋን ተወችና አሚቾውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቢላዋ አመጣች። ግማሹን ለእኔ ሰጥታ፣ ብዙ ቡቃያ እንዲያወጣ የሌላውን ግማሽ እምብርት ፈለፈለች፤ ፍግ ሞልታ ቀበረችው። እናቴ ፊቷን አዙራ ቆመች።

ድርሻዬን አንዲት ፍርፋሪ ሳላስተርፍ በላሁ። በግራ እጄም እርሳስ መያዝ ተለማመድኩ። እስሩ ሲፈታ ክንዴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ልብስ እየጨመቅኩ አፍታታሁት። ያመኝ ነበር፤ ግን አላቆምኩም። ቀኑ ሲደርስ፣ ሲደክመኝ እያሳረፍኩ፣ ፈተናውን በቀኝ እጄ ጨረስኩ።

ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ከጎረቤታችን ጓሮ እየጮኸች መጣች። «ወጥቷል! ወጥቷል!»

ሄደን ስናይ ቀላ ያሉ ቡቃያዎች አፈሩን ሰንጥቀዋል። እናቴ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ ቆርጣ ዙሪያውን አጠረችው። ጎረቤታችን አጥሩ አጠገብ ቆማ ወደ ውኃ የሚወርዱትን ሴቶች ተጣራች፦

«ስሙኝማ! ይሄ እስኪደርስ ድረስ በዚህ መንደር ማንም እንዳይሰበር!»