አንድ እፍኝ የይጁቤ አፈር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለባለቤቴም አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩበት ምክንያት ራሱ ሌላ ኃጢአት ነው፤ በእኔ ውሸት ላይ ቆመው ፍትሐት የደገሙት እሳቸው ናቸውና። እናንተ አታውቁኝም፤ እናንተን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ገና ከመጀመሬ መፍራቴን እዩልኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ስለ ውቅያኖስና ስለ ማዕበል ሳስተምር ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ግን በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር። ምንይችል የሚባል የይጁቤ ልጅ አብሮት ያገለግል ነበር፤ አንድ ቀን ምጽዋ አጠገብ ጀልባቸው ተገልብጣ አባቴ ሲተርፍ ምንይችል በዚያው ቀረ። ሬሳው አልተገኘም። እናቱ እማሆይ የሺወርቅ ከዚያ ወዲህ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ አፈር አልለበሰም ይሉ ነበር። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

እርጅናው ሲበረታባቸው እማሆይ ከይጁቤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከባላቸው መቃብር ራስጌ፣ አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር ዘገኑ። በነጠላ እራፊ ቋጥረው ለአባቴ ሰጡትና ባሕር ውስጥ እንዲያደርስላቸው ለመኑት። ምጽዋ መሄድ ስላልተቻለ አባቴ ጅቡቲን መረጠ፤ ባሕሩ ያው ነው፣ ውኃ አይነጣጠልም አለ። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ከአዲስ አበባ በባቡር ወረድን። ለባልደረቦቼ ለሽርሽር ነው የምሄደው ብያቸው ስለነበር፣ በቁምጣ የተነሳኸውን ፎቶ ላክልን እያሉ ሲያላግጡብኝ ሰነበቱ።

ያረፍነው ባሕሩ ጥግ ባለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቷ ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛ የምትናገር ደግ ሴት ነበረች። የክፍላችንን መስኮት ስትከፍትልን አባቴ ሳቀ፤ እኔ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ካርታ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ስቀባው የኖርኩት ነገር ለካ ይነሳል፣ ይመጣል፣ ይጮሃል። ፈራሁ። ለአባቴ ግን ደክሞኛል አልኩት።

በማግሥቱ አባቴን ሙቀቱ ጣለው። ትኩሳት ያዘውና ከአልጋው መነሳት አቃተው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ባቡራችን ሊነሳ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ቋጠሮዋን ከትራሱ ሥር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

«እኔ አልሆነልኝም። አንተ አልብስልኝ» አለኝ።

ማዕበሉ አፈሩን ወደ ደረቅ እንዳይመልሰው እስከ ወገቤ ድረስ እንድገባ፣ የክርስትና ስሙን ወልደ ሚካኤል ብዬ እንድጠራ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲያሳርፍለት እንድለምን አዘዘኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ገባሁ። ይህን ያህሉን አልዋሽም፣ ገባሁ። ውኃው ጉልበቴ ደርሶ ሲመለስ ከእግሬ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞት ሄደ። የቆምኩበት መሬት ከዳኝ። ምንይችል በዚህ ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን የያዘኝ እሱ መሰለኝ። ሮጥኩ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ፣ ሕፃናት እየሳቁ ከሚንቦጫረቁበት ውኃ እሪ ብዬ ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማዕበሉ ሲመጣ ሸሸሁ። የማረፊያዋን ባለቤት ብለምናት ኖሮ እሷ ራሷ ትገባልኝ ነበር። ለምን አልለመንኳትም? ፈራ እንዳልባል ፈርቼ ነው።

ከማረፊያዋ ጀርባ ልብስ የሚሰጣበት ሽቦ አለ። እዚያ ሥር ቋጠሮዋን ፈታሁ፤ የምንይችልን አፈር እዚያ ደፋሁት። ከላይ ከተሰጡት እርጥብ አንሶላዎች ውኃ ይንጠባጠብበት ነበር። ጥቁርነቱ በነጩ አሸዋ ላይ እንዳይለይ በእግሬ ቀላቀልኩት። አዎ፣ በእግሬ። ስሙን አልጠራሁም። በምን አፌ ልጥራው? ከዚያም ማድ ቤት ገብቼ ጨው ለመንኩ። ሴትዮዋ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳት። እራፊዋን በቧንቧ ውኃ አርሼ ጨው አሸሁባት፤ ሱሪዬንም እስከ ወገቤ አራስኩት። ያስሮጠኝ ፍርሃት ነው እንበል። ጨው ያስለመነኝስ ማን ነው? እኔ ነኝ። አስቤ፣ ተረጋግቼ፣ እኔ።

አባቴ እራፊዋን አሸተታት፤ ከንፈሩ ላይ አድርጓት አለቀሰ። አፈሩ ሰጠመ ወይስ ተንሳፈፈ ብሎ ጠየቀኝ። ሰጠመ አልኩት። እፎይ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

አገር ቤት ስንመለስ እማሆይ ስንት ዓመት ሳይደግሱት የኖሩትን ተዝካር ደገሱ። ንስሐ አባታችን ከካህናቱ ጋር ፍትሐት ደገሙ፤ እኔም ከበሉት ጋር በላሁ፣ ከጠጡት ጋር ጠጣሁ። እማሆይ ሁለት እጆቼን ይዘው ሳሙኝ። እሳቸውን የሚያህሉ መነኩሴ የእኔን እጅ ሳሙ።

«ልጄን ያለበሰ እጅ ይባረክ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም። አምና አረፉና ከባላቸው ጎን ተቀበሩ። አሁን ልጃቸውን አግኝተውት ይሆን? አፈሩ ደረሰህ ወይ ብለው ጠይቀውት ይሆን? እሱስ ምን ብሎ መለሰላቸው? ውኃ በባልዲ ሲቀዳ እንኳ ድምፁን መስማት አልወድም። ክፍል ውስጥ ስለ ባሕር የማስተምር ቀን ጀርባዬን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ።

አሁን ደግሞ አባቴ ታሟል፤ የሚድን አይመስልም። ባለፈው እሑድ ንስሐ አባታችን ባሉበት ወደ እኔ እያየ ተናዘዘ።

«የእኔን አፈር መጀመሪያ እሱ ይጣልብኝ። እጁን አምነዋለሁ» አለ።

እሺ አልኩት። ምን ልበል?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው ቀርቶኛል። ብነግረው ልቡ ይሰበራል፣ በሰላም ይሂድ እያልኩ ራሴን አባብላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የምፈራው ለእሱ ልብ አይደለም፣ ዓይኑን ነው። ከዚህ ግድግዳ ማዶ ተኝቷል። ሲያስል ይሰማኛል። አሁን ስሜን ጠራ። ደግሞ ጠራኝ። እኔ ግን ይኸው ቁጭ ብዬ ለእናንተ እጽፋለሁ።