አጎቴ ያልጨረሱት ሬዲዮ

አጎቴን ምንም ብጠይቃቸው መልሳቸው "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" ነበር።

በኮሮና ጊዜ አፍንጮ በር ሰፈር ባለው ቤታችን ተዘግተን ስንቀመጥ፣ ውስጣቸው አምፖል የሚመስል የመስታወት ቱቦ ያለባቸውን አሮጌ ባለ አምፖል ሬዲዮዎች መጠገን ጀመሩ። አንድ ቀን ሲያንሾካሹክ የዋለ ሬዲዮ የአንቴናውን ሽቦ ሲይዙት ጥርት ብሎ ተናገረ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲነኩት ለምንድን ነው የሚናገረው?"

"አንቺስ ምን ይመስልሻል?"

"የእጅዎ ሙቀት ይሆን?"

"እስቲ እጅሽን አቀዝቅዘሽ ያዢው።"

እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አድርቄ ያዝኩት። ያው ተናገረ። ለካ አንቴናው የሰው ገላ ራሱ ኖሯል! ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ዘንድሮ አረፉ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ጠረጴዛቸው ላይ የቀረውን ሬዲዮ ከፈትኩት። ከአንዱ አምፖል ሥር አዲስ ቀይ ሽቦ በይደው፣ ጫፉን የትም ሳያገናኙ ትተውታል። ወዴት ሊወስዱት ነበር? ሦስት ግምት አለኝ። ሰምተው የሚስቁብኝ አጎቴ ግን የሉም።