ደቦ ያልኩት ትእዛዝ

ሸዋ ሮቢት አጠገብ በጥጥ እርሻ ስሠራ፣ የየማሳውን ውሃና ምርት የምናሰላው አዲስ አበባ ባለ ኮምፒውተር ነበር። ማሽኑ ግትር ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር፣ ትእዛዙ በቀዳዳ በሚጻፍበት ካርድ፣ ለብቻው ካላዘዙት ንቅንቅ አይልም። ለአንድ ሠንጠረዥ ካርቶን ሙሉ ካርድ መብሳት ሲያንገሸግሸኝ የራሴን የማዘዣ ቋንቋ ልሠራለት ተነሣሁ። አለቃዬ "አንቺ ልጅ፣ ቋንቋ እኮ ለሰው ነው" ብለው ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ።

መላው የመጣልኝ የአጎቴን ማሽላ በደቦ ስናጭድ ነው። አውጪው አንዴ ሲያዜም የተሰለፈው ሁሉ እኩል ማጭዱን ይሰነዝራል፤ "አንተ እጨድ፣ አንቺ እጨጂ" የሚል የለም። እኔ ግን ቁጥሮቼን አንድ በአንድ እየተለማመጥኩ ከርሜያለሁ! ስለዚህ ለሠንጠረዡ ሁሉ አንዴ የሚነገር ትእዛዝ ሠራሁ፤ ስሙንም ደቦ አልኩት። ደቦ ብዬ "አባዛ" ስል ረድፉ በሙሉ አብሮ ይነሣል።

ለሙከራ አዲስ አበባ ስንደርስ አለቃዬ መኪናው ውስጥ ካርቶኑን ፈለጉ።

"የቀረው ካርድ የታለ?"

"በእጄ ያሉት ጥቂት ካርዶች ናቸው ጌታዬ፤ ሌላ የለም።"

ማሽኑ አጓርቶ ውጤቱን አተመ፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም። እልልታዬን ለቀቅኩት። አለቃዬ ወረቀቱን ደጋግመው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቋንቋሽን ለሰውም ታስተምሪያለሽ?"