ዲያቆናዊቷ ለወንድሟ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኮል ያደረጉልኝ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገና ቀበቶ እያሰርኩ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ኮሎምበስ ከመጣን ጀምሮ ለቤታችን እንደ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«እህቴ፣ ምእመናኑ ለዲያቆናዊትነት፣ ለሕመምተኛና ለችግረኛ አገልግሎት፣ መርጠውሻል። እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ።

ደስ አላለኝም።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም እኮ። ሺፍቴ ይቀያየራል፤ ባለቤቴም ሪከንባከር ኤርፖርት አጠገብ ባለው መጋዘን ኦቨርታይም እየገባ ነው። ሌላ ሰው ብትመርጡ ይሻላል።»

«ግድ የለም፣ አትቸኩዪ። አንድ ወር ጸልዪበትና መልስሽን ትነግሪናለሽ» አሉና ተሰናበቱኝ።

የጊዜው ነገር ውሸት አልነበረም። እንቢ ያልኩበት ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ሃያ ዓመቴ ላይ፣ በደርግ ዘመን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በአንድ የጦር ሆስፒታል ረዳት ነርስ ነበርኩ። ባለቤቴ ይህን ያውቃል። ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ ግን ለእሱም ሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «ትንሽ ጊዜ ሠርቻለሁ» እልና ወሬ እቀይራለሁ። ይህን የደበቅኩ ሰው ተንበርክኬ ለሹመት እጅ ሊጫንብኝ እንዴት ይሆናል እያልኩ ነው ያን ቀን ወደ ቤቴ ወደ ዋይትሆል የነዳሁት።

የምሠራው ጋሃና ውስጥ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እዚያ ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዷ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። ዓይናቸው ፊት ለፊት ያለውን ማየት አቁሞ ስለነበር ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን ወደ ጎን ዞር አድርገው ነው የሚያዩት። በዚያው ሳምንት ከቁም ሳጥናቸው አናት ላይ አንድ የጫማ ካርቶን እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። ስከፍተው በክር የታሰሩ አሮጌ ደብዳቤዎች ነበሩ።

«የአያቴ አባት እህት ለወንድሟ የጻፈቻቸው ናቸው» አሉኝ። «ዲያቆናዊት ነበረች። በእኛ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ታስታምም ነበር። በየዓመቱ አነባቸው ነበር፤ አሁን ዓይኔ እንቢ አለኝ። የልጅ ልጆቼ ደግሞ ጽሑፉን ማንበብ አይችሉም።»

ዲያቆናዊት ሲሉ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ጋሼ ስልክ ለማንም አልተናገርኩም፤ እሳቸው ከየት ያውቃሉ?

አንዱን ገጽ ዘረጋሁት። ፊደሎቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያይዘው፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው ነው የተጻፉት። የእኔም ልጅ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብታይ አንድ ቃል አይገባትም። እኛን ግን የስድስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራችን በማስመሪያ መዳፋችንን እየመታ ነው ያስለመደን። የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩት። መምህርቷ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

ኃላፊዬ ፈቀደችልኝና ከምሳ በኋላ፣ ሌሎቹ ጋደም ሲሉ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እናነብ ጀመር። ከጽሑፉ ይልቅ ያስቸገረኝ አነጋገሬ ነው። አንዳንዱን ቃል እንደተጻፈ ስጠራው መምህርቷ እጃቸውን ያነሱና «እሷ ፊደል እዚህ ጋ አትነበብም» ብለው ያርሙኛል። መልሼ በትክክል ስጠራው «ጎበዝ» ይላሉ። በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ እንደገና ተማሪ ሆንኩ።

ዲያቆናዊቷ ከጀርመን ከመጡ ገበሬዎች እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የተወለደች ናት። በሃያ ሦስት ዓመቷ ቤቷን ትታ፣ ሴቶች ሳያገቡ በአንድነት እየኖሩ ድሆችንና ሕመምተኞችን የሚያገለግሉበት የዲያቆናውያት ቤት ገባች። ወንድሟ ተቆጥቷል። የእሱ ደብዳቤዎች ባይኖሩም ከእሷ መልስ ይገባል። «እናታችንን ማን ይጦራታል ላልከው፣ ሚስትህ አለች፤ ከእኔ ይልቅ ትታገሣታለች» ብላ ጽፋለች። መምህርቷ እዚህ ቦታ ላይ እስኪያስላቸው ስቀው ውኃ አቀበልኳቸው።

መጀመሪያ ነርስነት አልነበረም ሥራዋ። አንድ ዓመት ሙሉ ወለል ስትፈትግና አንሶላ ስታጥብ ነው የኖረችው። እጇ በሳሙና ከመሰነጣጠቁ የተነሳ ብዕር መያዝ እንዳቃታት ትናገራለች። ጦርነቱ ሲነሳ ከሌሎች አራት ዲያቆናውያት ጋር ወንዝ ዳር ወዳለ ትልቅ የእህል ጎተራ ላኳት። ጎተራው ሆስፒታል ሆኗል። ሐኪሞቹ ሴት አንፈልግም ብለው ሦስት ቀን ደጅ አስቀመጧቸው። በአራተኛው ቀን ቁስለኛ በጋሪ በጋሪ ሲመጣ ግን ማንም «ሴት ናችሁ» ያላቸው የለም። «የት ቦታ እጄን እንደማሳርፍ አላውቅም ነበር፤ ሁሉም ቦታ ያማል» ብላ ጽፋለች።

እዚህ ጋ ስደርስ መስመሩን ሁለቴ አነበብኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ሳምንት አነበብን። ፋሻ በአመድ ውኃ ስለማጠብ፣ ስለ ቅማሉ፣ ባቄላውን በየቀኑ ስለሚያሳርረው ወጥ ሠሪ ጻፈች። ሞት ሲቀርባቸው አብዛኞቹ የሚጠሩት እናታቸውን ስለሆነ፣ የእያንዳንዱን እናት ስም ቀድማ ትጠይቅና ትይዝ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከሌሎቹ የጠበበ ጽሑፍ ያለው ደብዳቤ ላይ ደረስን። ጎተራው ውስጥ ተስቦ ገብቶ ነበር። ዲያቆናዊቷም ታመመችና በጋሪ ጭነው ከዚያ አወጧት። ከዳነች በኋላ ነው የጻፈችው። የዲያቆናውያቱ ኃላፊ የአንድ ሆስፒታል አለቃ ልታደርጋት ፈልጋለች፤ እሷ ግን እንቢ ብላለች። ምክንያቱን ለወንድሟ ብቻ ነገረችው። ጋሪው ሲነቃነቅ፣ የቁስለኞቹ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ፣ ደስ አላት። «ትኩሳቱ አይደለም» ትላለች፤ «አእምሮዬ ከእኔ ጋር ነበር፤ ትቻቸው በመሄዴ ደስ አለኝ።»

ማንበብ አቃተኝ።

«ለምን አቆምሽ? ተቀዷል እንዴ?» አሉኝ መምህርቷ።

«አልተቀደደም» አልኳቸው። ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአማርኛ ለማንም ያልተናገርኩትን በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። የእኔ ባልሆነ ቋንቋ መናገሩ ሳይቀለኝ አልቀረም።

አንድ ጠዋት ውጊያው ቀርቧልና ሆስፒታሉን ለቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። መራመድ የሚችሉትን ቁስለኞች መኪና ላይ ጫንን። የማይንቀሳቀሱ አሥራ አንድ ሰዎች ቀሩ። አንድ ሽማግሌ አስታማሚ «እኔ ከእነሱ ጋር እሆናለሁ» ብለው ቁጭ አሉ። እኔን ማንም አስገድዶ አልጫነኝም፤ ሮጬ ነው የወጣሁት። መኪናው ኮረብታውን ሲያልፍ ደስታ ውስጤን ሞላው። ጓደኛዬን አቅፌ ሳቅኩ። ቀና ስል አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ክራንቹን ታቅፎ ያየኛል። በኋላ እጄን ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ስከተው የክፍላችን ብቸኛ መቀስ እዚያ አለ። ሽማግሌው ፋሻ የሚቆርጡበት እንኳ አልተውኩላቸውም። እነዚያ ሰዎች ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መምህርቷ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው አዩኝ። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«የሚቀጥለውን አንብቢ» አሉኝ።

«አሁን?»

«አሁን። እሷ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች ማወቅ አለብሽ።»

ቀጣዩን ከክሩ አወጣሁት። የአራት ወር ልዩነት አለው። ወንድሟ ምን ብሎ እንደመለሰላት የሚያሳይ አንድም ቃል የለም። ደብዳቤው የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ ሁለት አንሶላና የሽንኩርት ዘር ላክልኝ፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው መሬት ጥሩ ነው፣ ሐኪሙ ግን ጠዋት ጠዋት ያረፍዳል። አለቃ ሆናለች! ስለዚያ ጋሪ ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት ደብዳቤዎች ሁሉ አንዴም አላነሳችም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የሚያድጉበት ቤት ከፈተች፤ ፀጉሯ እስኪነጣ እዚያው ኖረች።

«አየሽ» አሉኝ መምህርቷ፣ «ልጅ ሆኜ ያችን ደብዳቤ ሳነብ አፍሬባት ነበር። ሳረጅ ነው የወደድኳት። አሁን ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ፤ ቀጥሎ ያለው ክፍል ሰው ደወል እየደወለ ነው።»

ደወሉን ጭራሽ አልሰማሁትም ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ለባለቤቴና ለልጄ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ጉርሻውን ሳያነሳ እጁን ሳህኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻሽን?» አለኝ። ልጄ ኮሌጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። አቋረጠችኝ።

«ዌይት፣ ማም። ሃው ኦልድ ወር ዩ?»

«ሃያ።»

«አይም ትዌንቲ» አለችኝ፤ ደረቷን በጣቷ እየነካች።

ቀና ብዬ አየኋት። ካልሲዋ አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ ነው። የመኪናዋን ቁልፍ በሳምንት ሦስቴ የምትጥል፣ ጥርስ ሐኪም ቤት አብሬያት ካልገባሁ የምትፈራ ልጅ። ይህችን ልጅ በሐሳቤ ያ የቁስለኞች ክፍል ውስጥ አቆምኳት። በሩ ሲከፈትላት ወደ መኪናው ስትሮጥ ታየችኝ። እኔ ራሴ «ሩጪ፣ የኔ ልጅ፣ ሩጪ» ባልኳት ነበር። ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ እሷም ተነስታ ከኋላዬ አቀፈችኝ።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ጋሼን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው። መልስ የምሰጥበት ቀን ገና ነበር፤ እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መቀሱንም፣ ሳቁንም። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ።

«ለዚህ ነው እንቢ ያልሽን?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እሰይ! እኛ እኮ ሌላ ቸርች ልትሄዱብን መስሎን ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበን ማን አስቀየማቸው እያልን ስንጨነቅ ነው የከረምነው።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ መኪናቸውን የሚያስነሱ ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩን ድረስ። ከዚያ ጋሼ ረጋ አሉ።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ሰው ከሞት ሲያመልጥ ደስ ካላለው ምን ሊለው ነው? እነዚያ ሰዎች በእግዚአብሔር እጅ ናቸው፤ እንጸልይላቸዋለን። አንቺን ግን ሰው ይፈልግሻል።» እኔም «እሺ» አልኳቸው።

የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ባለቤቴ ሲቀሰቅሰኝ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች። ቀን ተኝቼ የማላውቅ ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ።

ከወር በኋላ በጉባኤው ፊት ተንበርክኬ እጅ ተጫነብኝ። አሥራ አንዱ ሰዎች አሁንም ትዝ ይሉኛል። እንድረሳቸውም አልጠየቅኩም። ነገር ግን ሲመጡብኝ ወሬ አልቀይርም፤ ጋሼ እንዳሉት እጸልይላቸዋለሁ፣ ለሽማግሌው አስታማሚም እንደዚሁ።

የመጀመሪያው የዲያቆናዊትነት ሥራዬ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት ወጣት ሆስፒታል ወልዳ፣ ነርሶቹ የሚሏት ስላልገባት ማልቀስ ጀምራለች ተብሎ ተደወለልኝ። ሄጄ አስተረጎምኩላት። ለካስ ነርሶቹ የሚሏት ሌላ ምንም አልነበረም፤ ልጁ ደህና ነው፣ ነገ ቤትሽ ትገቢያለሽ ነው። ስነግራት ትራሱ ላይ ተደገፈችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እትዬ፣ እስቲ ያዙልኝ» አለችና ሕፃኑን ዘረጋችልኝ፤ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስቤ፣ ልጁን ታቅፌ፣ እናቱ እስክትነቃ ተቀመጥኩ።